የሣራ እንቅልፍ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን፤

እንደምን ከረምሽ? እኔም ዝናሽም፣ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም፣ ደኅና ነን። ገብሱ እየደረሰ ነው፤ ውርጭ ካልቀደመን ዘንድሮ መልካም ነው። ዝናሽ ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች። በወረቀት እንዴት እንደሚሳም እናንተ አዲስ አበቤዎች ታውቁ ይሆናል።

በስልክ ቢነግሩኝ ምን አለበት ላልሽው፣ ፍርድ በስልክ አይሰጥም። ኔትወርኩ መጣ ሲሉት ይሄዳል፤ እኔ «አይሆንም» ያልሁት «ይሆናል» ሆኖ ቢደርስሽ ማን ይመሰክርልኛል? ያሲን አውቶቡሱን ይዞ በየሳምንቱ ይመላለሳል፤ እሱ ያምጣው፣ እሱ ይውሰደው። ፖስታውን በሙጫ ያሸግሁት ያሲንን ጠርጥሬ አይደለም። ሰውን ሁሉ ስለምጠረጥር ነው።

በላክሽልን ታብሌት የሠራችሁትን የኖኅን ፊልም እስከ መጨረሻው ጨርሰነዋል። ኖኅ መርከቡን ሲሠራ መዶሻው የሚያሰማው የብረት ድምፅ ነው፤ እንጨት የሚመታ መዶሻ እንዲያ አይጮኽም። የሚስቱ ቀሚስ ከሱቅ እንደወጣ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ። አብሮ በመጣው ቅጽ ላይ «ከአሥር ስንት ይሰጡታል?» የሚለውን አልሞላሁም። አርባ ዓመት መጽሐፍ ሳስተምር ቃል ወይ ቀና ነው ወይ ጠማማ ነው፤ ሰባት ከአሥር የሆነ ቃል ገጥሞኝ አያውቅም።

ስምዎን ፊልሙ ላይ ብናደርገው ቅር ይልዎታል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ቅር ይለኛል። መሪጌታ ክንፈ አይቶ መርምሮታል ተብሎ ከተጻፈ፣ ከወግዲ እስከ ከላላ ያለ ካህን ሁሉ ምእመኑን ሰብስቦ ያሳያል። ፊልሙ ቢያስት እኔ አሳትሁ ማለት ነው። ልጅ የለኝ፣ ጥሪት የለኝ፤ ያለኝ ይኸ ስም ብቻ ነው። እኔ ራሴ ጻፊው እስክልሽ ድረስ አንዲት ፊደል እንዳትጽፊ።

ሌላ ፊልም ካላችሁ ላኪው። ዮሴፍን ላኪ፣ ሙሴን ላኪ። የአብርሃምን ግን ተዪው። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

አጎትሽ መሪጌታ ክንፈ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፤

እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ? የእቴቴ ዝናሽ መሳም ጉንጬ ላይ ደርሷል ይበሏት። አራት ዓመት ሙሉ ሳልመጣ ቀረሁ፤ ለፋሲካ እመጣለሁ ማለቱንም አቁሜያለሁ፣ እንደማታምኑኝ ስለማውቅ።

ይቅርታ፣ አይላክ ያሉትን ልኬያለሁ። ያሲን የያዘው የአብርሃምን ፊልም ነው። ዮሴፍ ገና አልተቀረጸም፤ ሙሴም ባሕሩ አልከፈል ብሎናል። ያለቀው አብርሃም ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም በየአጥቢያው አዳራሽ ሊታይ ታስቧል፤ አዳራሾቹ ደግሞ የታወቀ መምህር ካልመሰከረለት በር አይከፍቱም። አለቃዬ ዓባይነህ «መምህር አለኝ ብለሽ አይደል የተቀጠርሽው?» ይለኛል በየጠዋቱ። እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። ምስክርነትዎ እስከ ጥር መጨረሻ ካልመጣ ፊልሙ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ እኔም ከስቱዲዮው እሰናበታለሁ። ይህን ልነግርዎ አልፈለግኩም ነበር፣ ይቅርታ።

አብርሃምን ለምን እንደሚሸሹት የማላውቅ አይምሰልዎ። የእናንተ ይሄነው ሲሄድ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ያዝለኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። እቴቴ ፊት ስሙ እንዳይጠራ ተብለን ነው ያደግነው። ይኸው እኔ ዛሬ ጠራሁት፣ ይቅርታ። ፊልሙን ያለ እቴቴ፣ ብቻዎን ቢያዩት ሳይሻል አይቀርም።

ሌላ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የኖኅ መዶሻ እውነትም ብረት በብረት ሲመታ ተቀድቶ የተለጠፈ ድምፅ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ስድሳ ሰው አይቶት አንድም ሰው አልሰማውም። እርስዎ እንዴት ሰሙት? ደግሞ የደብዳቤው ጽሕፈት የእርስዎ አልመሰለኝም። የእርስዎ ፊደል ቀጭንና ዘንበል ያለ ነበር፤ ይህ ድብልብል ነው። ስለጠየቅኩ ይቅርታ።

ስለ ስምዎ ያሉትን ለዓባይነህ ነግሬዋለሁ።

ልጅዎ ሄለን


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን፤

በአንድ ደብዳቤ አራት ጊዜ ይቅርታ ጠይቀሻል፤ ቆጥሬዋለሁ። ይኸን ያህል ይቅርታ የምትጠይቅ ልጅ ያልነገረችኝ አምስተኛ ነገር አላት። «ለዓባይነህ ነግሬዋለሁ» ብለሽ እሱ ምን እንዳለሽ ሳትነግሪኝ ዘለልሽው። እወቂው፣ ጠርጥሬያለሁ።

ጽሕፈቱ የዝናሽ ነው። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። በመሠረተ ትምህርት የለቀመችው ፊደል ነው፤ ድብልብል ማለትሽን ስትጽፍ እየሳቀች ነው።

ፊልሙን ብቻዬን አላየሁትም። ልመልሰው ስል «እንየው» ያለችው ራሷ ዝናሽ ናት። እኛ ቤት እንደ ጉባኤ ነው፤ አንዱ ያነባል፣ መምህሩ ሰምቶ ያርማል። እንግዲህ ፍርዴን ስሚ።

አብርሃም ድምፁ መልካም ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር ሲጠራው ቀበሌ ስሙ እንደተጠራ ሰው «አቤት» ይላል። የአህያው ጭነት አልጠበቀም፤ በየእርምጃው ሲንኳኳ ይሰማል። ሦስት ቀን የሚሄድ ሰው እንዲያ አይጭንም፣ ከደጁ ሳይርቅ ይወድቅበታል። ከተራራው ጀርባ ጀነሬተር አለ፤ አብርሃም ሲጸልይ ይንደቀደቃል። የሦስት ቀኑን መንገድ ደግሞ በአንድ መዝሙር ጨረሳችሁት። ከልጅ ጋር ሦስት ቀን የሄደ ሰው መዝሙር አይሰማም። ልጅ ይጠይቃል። ይኸ ተራራ ምን ይባላል ይላል፣ ውኃው መቼ ነው የሚገኘው ይላል፣ እናቴ አሁን ምን እየሠራች ይሆን ይላል። ይኸን የጻፈላችሁ ሰው ልጅ ይዞ መንገድ ሄዶ አያውቅም።

ይስሐቅ «በጉስ የት አለ?» ሲል ግን ደግ ነው። እዚያ ላይ አስቁመነው ትንሽ ተቀመጥን።

የማይታለፈው ጥፋት አንድ ነው። ሣራ ከቤት ወጥታ የአህያውን ገመድ የምትይዝበት። ባዶ እግሯን ወጣች፣ ነጠላዋ ወደቀ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ገመዱን ይዛ ቆመች፤ አብርሃም ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። ይኸ ከየት መጣ? መጽሐፍ እንዲህ አይልም፤ እኔ የተማርሁት ትርጓሜም አይልም። ደራሲያችሁ ሰው ማስለቀሻ ፈልጎ የጨመረው ነው። ቁረጡት። እስኪቆረጥ ድረስ ስሜን አልሰጥም።

ዝናሽ ይኸን ስትጽፍ እጇ ዘገየ። ብርዱ ይሆናል።

መሪጌታ ክንፈ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፤

ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? ጀነሬተሩን አገኘነው። የድምፅ ባለሙያችን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አሥር ጊዜ ሰማና «ሰውዬው ምን ዓይነት ጆሮ ነው ያላቸው?» አለኝ። የአህያውን ጭነት ከርቀት እንደገና እንቀርጻለን፤ መዝሙሩም ያጥራል።

አባባ፣ አሁን የምጽፈውን ረጋ ብለው ይመልከቱልኝ። ሣራ ገመድ የምትይዝበት ትዕይንት የለም። አልተቀረጸም፣ ድርሰቱ ውስጥም የለም። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ሣራ በዚያ ጠዋት ተኝታለች፤ አብርሃም አየት ያደርጋትና ይወጣል፣ በቃ። ከሌላ ፊልም ጋር ተምታቶብዎ ይሆን? ወይስ ታብሌቱን ሌላ ሰው አይቶት ነው የነገረዎት? ዓባይነህ ይህን ቢሰማ «ያላየውን ነው እንዴ የሚፈርደው?» ይላል። ለማንም አልተነፈስኩም። ሌላው ሁሉ ይቅርና ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ሄለን


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሄለን፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አጭር ነበር፤ ዝናሽ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ስለ ጀነሬተሩና ስለ ጭነቱ የጻፍሽው ደስ ይላል። ስለ ሣራ ግን አንዲት ቃል ሳትመልሺልኝ መቅረትሽ ገርሞኛል። ይቆረጥ ብዬሻለሁ፤ ዝም ማለትሽ አይቆረጥም ማለት ነው? ለዚያ ማስለቀሻ ስትሉ እኔን ልታልፉኝ ነው?

ይኸም ይቆይ። አምስተኛውን ነገር ደርሼበታለሁ። ባለፈው እሑድ አንድ ዲያቆን ከወግዲ መጣና «እንኳን ደስ ያለዎ፣ ስምዎን በፖስተር ላይ አነበብሁ» አለኝ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ ተለጥፏል አለ። «አብርሃም፤ በመሪጌታ ክንፈ ታይቶ የተመረመረ» ይላል አለኝ። የተለጠፈው በመስከረም ነው። በመስከረም! እኔ ኖኅን እንኳ ሳልጀምር!

ሄለን፣ እኔ አፍሬ አላውቅም፤ ያን ለት ግን በዲያቆኑ ፊት አፈርሁ። «አዎ» ብል ውሸት ነው፣ «አይደለም» ብል የወንድሜን ልጅ ውሸታም አደረግኋት። ውኃ አስመጥቼ ጠጣሁ። የእኔን ፍርድ የጠየቅሽኝ ፍርዴን ፈልገሽ አልነበረማ። ፈርዷል ተብሎ ከተለጠፈ በኋላ መርምር የሚባል ነገር በየትኛው ጉባኤ ነው ያየሽው?

ተናድጃለሁ። ዝናሽ «ቀስ በል» እያለችኝ ነው፤ እሱንም ጽፋዋለች መሰለኝ።

መሪጌታ ክንፈ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፤

እውነት ነው። ስምዎን በመስከረም ለዓባይነህ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፖስተሩ ሲታተም ዝም አልኩ። እሺ ማለትዎ አይቀርም ብዬ ነበር፤ እሺ እንዲሉ ደግሞ ፊልሞቹን ላክኩ። ዛሬ ወደ ወግዲ ደውዬ አስነቅያለሁ። ከዚህ በላይ ምን እንደምል አላውቅም። ይቅርታ ማለት እንኳ አፈርኩ፣ ቆጥረውብኛላ።

ግን አባባ፣ እኔ ስለ ሣራ ጽፌልዎ ነበር። ከደብዳቤው እኩሌታ የሚሆነው ስለ እሷ ብቻ ነበር። እርስዎ ደግሞ «አንዲት ቃል አልመለስሽም» አሉ። ቃል በቃል ያስቀረሁት ግልባጭ እጄ ላይ አለ።

ስለዚህ አሁን ተራው የእኔ ነው፣ እኔም ጠርጥሬያለሁ። ደብዳቤዎቼን የሚያነበው ማነው? እጅ ቢንቀጠቀጥ መጻፍ ይከለክል ይሆናል፤ ማንበብ ግን አይከለክልም። መዶሻ የሚሰማ፣ ጀነሬተር የሚሰማ፣ ጭነት ሲንኳኳ የሚሰማ ሰው በፊልሙ ውስጥ የሌለች ሴት እንዴት አየ?

መልሱን በወረቀት አልጠብቅም። ለያሲን ሁሉንም በቃል ነግሬዋለሁ፤ ለብቻዎ ሲያገኝዎ በጆሮዎ ይነግርዎታል።

ልጅዎ ሄለን


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ጽሕፈቱ ቢለወጥብሽ አትደንግጪ፣ የሚጽፈው ያሲን ነው።

ዓይኔ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ደሴ ያየኝ ሐኪም አልቋል አለኝ። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ለአንቺ ብቻ እንዳይነገር ያሲንንም ዝናሽንም አስምያለሁ። ብታውቂ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። ያም አይደለም፤ እንዳታዝኝልኝ ነው።

ፊልሙን እንዴት እሺ አልህ ትይኛለሽ። እኔን ካስተማሩኝ ሁለቱ ዓይነ ስውራን ነበሩ። ተማሪ ያነባል፣ መምህር ይሰማል፣ የጎደለችውን ቃል ያርማል፤ ዓይን ለምኔ ብዬ ነው። ፊልምም እንደ መጽሐፍ መሰለኝ። ዝናሽ የምታየውን ታነብልኛለች፣ እኔ እፈርዳለሁ። መጽሐፍ ግን ግማሹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንባቢ ቢጨምርብኝ እይዘዋለሁ። ፊልሙን አላውቀውም። ይኸን አላሰብሁትም።

ያሲን መልእክትሽን ሲነግረኝ መጀመሪያ የጠረጠርሁት አንቺን ነው። ለእኔ አንድ ፊልም፣ ለሕዝቡ ሌላ ፊልም አዘጋጅተዋል ብዬ። ስለዚህ ዝናሽ ለቅሶ ቤት በሄደችበት ያሲንን ታብሌቱ ፊት አስቀመጥሁትና «ያለውን ብቻ ንገረኝ» አልሁት።

«መሪጌታ፣ እኛ ዘንድ እኮ ልጁ ኢስማኢል ነው» አለኝ።

«ስሙን ተወውና ያየኸውን ንገረኝ።»

«እናትየው ተኝታለች። ሰውየው አየት አደረጋትና ወጣ። ወላሂ፣ ሌላ ምንም የለም።»

ሁለት ጊዜ አስደገምሁት። ሌላ ምንም የለም።

የልጄን ስም ከጠራሽው አይቀር ልንገርሽ። በ1988 ዓ.ም. ይሄነው አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ዓባይን ተሻግሬ ጎጃም ካለ መምህር ዘንድ ላስገባው ቆረጥሁ። ዝናሽ እሺ እንደማትል አውቃለሁ። ሳትነቃ በማለዳ አህያውን ጭኜ ይዤው ወጣሁ። ሦስት ቀን ሄድን፣ ሲጠይቀኝ ሄድን። በሰባተኛው ወር በወባ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ለአብርሃም በግ መጣለት፣ ለእኔ መርዶ ነጋሪ መጣልኝ። ዝናሽ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «ለምን አልቀሰቀስኸኝም» ብላኝ አታውቅም። ይኸው ዘንድሮ በሣራ አፍ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ «ቁረጡት» አልሁ፣ በገዛ እጇ አስጻፍኋት።

እስካሁን አላናገርኋትም። ፈርቻታለሁ።

ስሜን ከሁሉም ቦታ አንሺው። አንቺ ያላየሁትን አይቷል ብለሽ ጻፍሽ፤ እኔ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈረድሁ። የእኔ ይብሳል። ሥራሽን የሚያሳጣሽ ከሆነ ይቅር በይኝ።

መሪጌታ ክንፈ

ያሲን ነኝ። ሄለን፣ ያልነገርኩሽ አስምለውኝ ነው እንጂ ደብቄሽ አይደለም። ይኸን ሲያስጽፉኝ እንባቸው አላቋርጥ ብሏቸው ነበር። አብሽሪ፣ አሁን ሻይ አጠጥቻቸዋለሁ።


መካነ ሰላም፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሄለንዬ፣ የኔ ዓለም፤

ድብልብሉ ጽሕፈት ተመልሷል። ዛሬ ግን የምናገረውም የምጽፈውም እኔ ነኝ።

ከደብዳቤሽ ላይ ስለ ሣራ የጻፍሽውን ዘልዬ ያነበብሁት እኔ ነኝ። በዚህ አጎትሽን ካንቺ ጋር አጣላሁ፤ ማሪኝ።

የጥምቀት ማግስት መሪጌታ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ዝናሽ፣ ያን ጠዋት ለምን አልቀሰቀስኸኝም ማለትሽ ነው፣ ገብቶኛል» አሉኝ። ብዙ ጊዜ ሲያጠኑት የከረሙት ንግግር ነው መሰለኝ፣ ድምፃቸው እንደ ቅዳሴ ነበር።

«አይደለም» አልኋቸው። «ተኝቼ አልነበረም።»

ሄለንዬ፣ ነቅቼ ነበር። ጭነቱ አልይዝ ብሎ ሁለት ጊዜ ሲፈቱትና ሲያስሩት እሰማለሁ። ይሄነው «እናቴን ልሳማት?» ሲል እሰማለሁ። «ተኝታለች፣ ተዋት» ሲሉት እሰማለሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ከተነሣሁ እንደማልለቀው አውቃለሁ፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠን ልጅ እናቱ አስቀረችው እንዳልባል ፈራሁ። እግራቸው ከደጅ እስኪርቅ ድረስ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሰርቄባታለሁ ብለው ራሳቸውን ሲቀጡ ኖሩ፣ እኔ ተኝቼ ነበር ብዬ ስዋሽ ኖርሁ። መርዶው ሲመጣ እንኳ «ሳልስመው» ብዬ አለቀስሁ እንጂ «እየሰማሁ» አላልሁም።

ፊልሙ ላይ ያቺ ሴትዮ ተኝታ ሳያት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ተነሣች አልኋቸው። ወጣች አልኋቸው። ገመዱን ያዘች አልኋቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ትያዘው ብዬ ነው። እሳቸውን ልጠይቅ አልነበረም።

እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ሲዳብሱ ጣቶቼን አገኙና ያዙ። እስኪመሽ አልለቀቁኝም፤ ጎረቤት መጥቶ እንኳ አልለቀቁኝም፣ አፈርሁ።

በማግስቱ ፊልሙን እንደገና ክፈቺው አሉኝ። ያለውን ብቻ ነገርኋቸው። ሣራ ጋ ስንደርስ «ተኝታለች» አልሁ።

«ተኝታለች ወይስ ዓይኗን ጨፍናለች?» አሉኝ።

«እሱን ፊልሙ አይናገርም።»

አስቁሚው አሉኝና ይኸን አስጻፉኝ፣ እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦ «መጽሐፍ ሣራ ተኝታለች አይልም፣ ነቅታለችም አይልም። አስተኝታችሁ ፈርዳችሁባታል። አብርሃም ከወጣ በኋላ ካሜራው እሷ ላይ ጥቂት ይቆይ፤ የአህያው ኮቴ እየራቀ ይሰማ፤ ዓይኗን ትግለጥ። አትነሣ፣ አትናገር፣ አታልቅስ። ይኸን ካረማችሁ ስሜን ብትጽፉት አልጠላም። ክንፈ አየው ግን አትበሉ። ክንፈ ሰማው፣ ዝናሽ አየችው በሉ።»

እኔ ስሜ ፊልም ላይ ምን ሊሠራ ነው ብዬ ሁለት ቀን እምቢ አልኋቸው። እሳቸውን ታውቂያቸዋለሽ፣ አይለቁም። የግድ ከሆነ እንግዲህ፣ ከዚህ በታች እንደፈረምሁት አድርገሽ ጻፊው፤ አንዱንም እንዳታስቀሪ።

ለፋሲካ ነይ። ባናምንሽም ነይ።

ዝናሽ፣ የይሄነው እናት